በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ልቡን በአመጋገቡ እንዴት ይጠብቅ?

በፈረቃ የሚሠሩ ሰዎች ዘወትር ቀን ከሚሠሩት ይልቅ ለልብ ሕመም የተጋለጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመ፣ 34 ጥናቶችንና ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያጠቃለለ ትንተና የፈረቃ ሠራተኞች በድንገተኛ የልብ ሕመም የመጠቃት ዕድል በ23 በመቶ ገደማ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። የዕንቅልፍ ማነስ፣ ጭንቀትና ሲጋራም ድርሻ አላቸው። ይሁን እንጂ ሠራተኛው የፈረቃ ሰዓቱን መምረጥ ባይችልም፣ የሚበላውን ነገርና የሚበላበትን ሰዓት በአብዛኛው ራሱ ሊወስን ይችላል።

ዋናውን ምግብ ወደ ሥራ ከመግባትዎ በፊት ይብሉ። ሌሊት ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን ሲጨምር ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን ስለሚቀንስ፣ ቀን የተበላ ቢሆን ብዙም የማያስቸግር ምግብ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሲበላ የደም ስኳርን ይበልጥ ከፍ ያደርጋል፤ ቅባቱም በደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም የደም ቧንቧን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2021 በ19 ጤነኛ ወጣቶች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ የሌሊት ሥራን በሚመስል ሁኔታ ውስጥ ሆነው ሌሊትም የበሉት የደም ስኳራቸው በአማካይ በ6.4 በመቶ ሲጨምር፣ ቀን ብቻ የበሉት ላይ ግን ይህ ጭማሪ አልታየም። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ትንሽ ቢሆንም፣ ውጤቱ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ ከባድ ምግብ አለመብላት እንደሚበጅ ይጠቁማል።

ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምመክረው ግን ምሳ ዕቃዎን ከቤት አዘጋጅተው እንዲወጡ ነው። ዕንቅልፍ ያጣ ሰው ጣፋጭና ቅባት የበዛበት ነገር ያምረዋል፤ በዚያ ሰዓት በአቅራቢያ የሚገኘውም ብዙውን ጊዜ ብስኩት፣ ለስላሳ መጠጥና የተጠበሰ ምግብ ነው። ስለዚህ ምርጫው ሳይደክምዎ በፊት ይለቅ፦ ጨው ያልበዛበት የአትክልት ሾርባ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ፍራፍሬ፣ ስኳር የሌለው እርጎ ወይም አንድ እፍኝ ጨው አልባ ለውዝ ረሃብን ለማስታገስ ይበቃል።

በቀን ገበታዎ ላይ ጥራጥሬ፣ ያልተፈተገ እህል፣ ዓሣና አትክልት ይብዛ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ መመገብንና ጨውን ከ5 ግራም በታች ማድረግን ይመክራል። የታሸጉ ምግቦች የማይታይ ጨው ስለሚይዙ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ።

ቡናን በፈረቃው መጀመሪያ ይጠጡ፤ ከመተኛትዎ በፊት ባሉት 6 ሰዓታት ውስጥ ግን ይተዉት። ከሥራ ሲመለሱ ረሃብ ከዕንቅልፍ እንዳይቀሰቅስዎ ቀለል ያለ ቁርስ በልተው ይተኙ።

ኢንሱሊን ወይም ሌላ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ የደም ስኳርዎ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ስለሚችል፣ የሌሊት ምግብዎን ከመቀነስዎ በፊት የፈረቃ ሰዓትዎን ለሐኪምዎ ነግረው የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት አብረው ይወስኑ።