ቀላል የጉዞ ጫማ በጅማ ዙሪያ፦ ችግርና መፍትሄ

ጓዙን በጀርባው አዝሎ በእግር ለሚጓዝ ሰው የጫማው ክብደት የሚናቅ ጉዳይ አይደለም። በእግር ላይ የሚጨመር 1 ኪሎ ግራም የሚያስወጣው ጉልበት በጀርባ ላይ ከሚጨመር ከ4 እስከ 6 ኪሎ ግራም ጋር ይተካከላል። ስለዚህ አንዱ እግር ብቻ ከ700 ግራም በላይ የሚመዝነውን ቦት ጫማ ትቶ ከ300 እስከ 400 ግራም የሚመዝነውን መምረጥ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ይሁን እንጂ ቀላል ጫማ ገዝተው ገና በሁለተኛው ጉዞ የሚያማርሩ ሰዎች አሉ። ቅሬታቸው ቀርቦ ሲታይ ጥፋቱ በአብዛኛው የጫማው ቅለት ሳይሆን የሶሉ ጥርስ፣ የልኩ ወይም የአስተሳሰሩ ሆኖ ይገኛል።

ጫማው ያንሸራትታል፣ ጭቃም ይሸከማል

በክረምት የጅማ ቀይ አፈር ውሃ ሲጠግብ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። አንድ ጊዜ ከጅሬን፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ቁልቁል ስወርድ ሁለት ጊዜ ከወደቅሁ በኋላ ጫማዬን አገላብጬ ባየው፣ በጥርሶቹ መካከል የነበረው ክፍተት በሙሉ በጭቃ ተደፍኖ ሶሉ እንደ ምጣድ ለስልሶ አገኘሁት። ጭቃውን በእንጨት ፍቄ ሃያ እርምጃ እንኳ ሳልሄድ ተመልሶ ሞላ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ የሶሉ ጥርሶች አጫጭርና የተጠጋጉ፣ ለአስፋልትና ለደረቅ ኮረት የተሠሩ ናቸው።

ለእንዲህ ያለው አፈር የጥርሱ ርዝመት 5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሊሆን ይገባዋል፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተትም የትንሿን ጣት ጫፍ የሚያስገባ ቢሆን ጭቃው በእርምጃው ብዛት ራሱ ይረግፋል። በሄርማታ መርካቶ ጫማ ሲመረጥ ላዩን ከማየት በፊት ሶሉን አገላብጦ በጣት መፈተሽ የሚገባው ለዚህ ነው። በጫካ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ይመጣል፤ በእርጥብ ድንጋይና በዛፍ ሥር ላይ የሚይዘው የጥርሱ ርዝመት ሳይሆን የጎማው ልስላሴ ስለሆነ፣ በአውራ ጣት ጥፍር ሲጫኑት በመጠኑ የሚሰረጉደውን መምረጥ ይበጃል። እንዲህ ያለው ጎማ በአስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃልና በየዕለቱ ለሥራ መሄጃ ባይደረግ መልካም ነው።

ውሃ የማያስገባ ተብሎ የተገዛው ጫማ እግርን አርጥቦ ይውላል

በዚህ ጉዳይ ላይ አቋሜ የጸና ነው፤ ዝናብ በሚበዛበት በእኛ አካባቢ ውሃ የማያስገባ ገበር ያለው አጭር ጫማ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ወንዝ ሲሻገሩ ወይም በረጠበ ሣር መካከል ሲያልፉ ውሃው የሚገባው በጨርቁ ሳይሆን በቁርጭምጭሚት በኩል ነው፤ አንዴ ከገባ ደግሞ ያው ገበር መውጫ ይከለክለዋል። ላብም እንደዚሁ ታፍኖ ይቀራል። ላዩ ወንፊት መሳይ ጨርቅ የሆነ ጫማ በአንጻሩ ቢረጥብም እየተራመዱ ውሃውን ይተፋል፣ ቶሎም ይደርቃል። ማታ ጋዜጣ ጠቅጥቆ ማሳደርና ጋዜጣውን መለወጥ በቂ ነው፤ ከምድጃ ወይም ከከሰል አጠገብ ማስቀመጥ ግን ማስቲሹን ያላቅቃል። በጅማ አቅራቢያ ባለው፣ በለጠ በተባለው ጫካ ለሚያድር ሰው ለመኝታ ብቻ የሚሆን አንድ ደረቅ ካልሲ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከቦርሳው አይታጣ።

ተረከዝ ውሃ ይቋጥራል

ተረከዙ በእያንዳንዱ እርምጃ ከፍ ዝቅ እያለ ይፈገፈጋል ማለት ነው። ማሰሪያውን በመጨረሻው ቀዳዳ በዚያው ጎን መልሶ በማስገባት ትንሽ ቀለበት መሥራት፣ ከዚያም የግራውን ጫፍ በቀኙ፣ የቀኙን በግራው ቀለበት አሳልፎ ወደ ታች ስቦ ማሰር ተረከዙን ያጸናዋል። የጥጥ ካልሲ እርጥበት ስለሚይዝ የሱፍ ወይም የናይለን ቢሆን ይመረጣል። ቆዳው ገና ማቃጠል ሲጀምር ቆሞ ፕላስተር መለጠፍ ያስፈልጋል።

ቁልቁለት ላይ የአውራ ጣት ጥፍር ይጠቁራል

ጫማው ያጥራል፣ ወይም ልኩ ሆኖ ሳለ ላልቶ ታስሯል። እግር በመንገድ ስለሚያብጥ ጫማ ከሰዓት በኋላ፣ የጉዞውን ካልሲ አድርጎ፣ ቢቻል የተሞላ ቦርሳ አዝሎ መለካት አለበት፤ ከረጅሙ ጣት ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ይቅር። ቁጥሩ ከአንዱ ሥሪት ወደ ሌላው ስለሚለያይ በቁጥር ብቻ አይተማመኑ።

ውስጥ እግር ጠጠሩን ሁሉ ይቆጥራል

ሶሉ ከጭነቱ አንጻር ስስ ነው፣ አለዚያም በሶሉ ውስጥ ያለው ስፖንጅ ሞቷል፤ ተጨፍልቆ መልሶ አይነሣም። ጫፉንና ተረከዙን ይዞ እንደ ጨርቅ ሲጠመዝዙት ያለ ምንም ተቃውሞ የሚታጠፍ ጫማ ለከባድ ቦርሳ አይሆንም። ጥሩው ጫማም ቢሆን ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ከተሄደበት በኋላ ላዩ አዲስ መስሎ ስፖንጁ ይሞታል።

ብዙ ያልተለበሰ ጫማ በመንገድ ላይ ሶሉ ይፈረካከሳል

ከቦንዳ የገዛሁትን ጫማ ለትልቅ ጉዞ ብዬ አልጋ ሥር ሁለት ክረምት አስቀምጬ፣ በወጣሁበት ቀን ሶሉ እንደ ደረቀ ዳቦ በእጄ ላይ ፈርሷል። ፖሊዩሪቴን ከተባለው ስፖንጅ የተሠራ ሶል ከአየሩ እርጥበት የተነሣ ውስጥ ውስጡን ስለሚበላሽ፣ አለመለበሱ ከዕድሜ አያድነውም። በማስቲሽ ቢለጠፍም የሚይዘው ጤነኛ አካል ስለሌለ ጫማ ሰፊም ሊያድነው አይችልም። ሲገዙ በሶሉ ጎን ላይ ስንጥቅ መኖሩን ማየት፣ በአውራ ጣት ጠንክሮ መጫንና ዱቄት ከለቀቀ መተው ነው። የተቀመጠውንም ጫማ ከጉዞው አንድ ሳምንት አስቀድሞ በከተማው ውስጥ ለብሶ መዋል ያስፈልጋል።