በደንቢያ ሣር ላይ የደከመው ሞተር

ከጎንደር በስተደቡብ ምዕራብ ባለው የደንቢያ ሜዳ፣ ትናንሽ አውሮፕላኖች ይዘን ተሰባስበን በድንኳን ካደርን በኋላ፣ በማግስቱ ቀትር ላይ ለመነሣት ስንደረደር ሴስና 172ቷ የሜዳውን እኩሌታ ጨርሳም ፍጥነት አልጨመረችም። ኃይሉን ቀንሼ አቆምኋት። ካንዴላዎቹን ፈትተን ስናይ ጫፋቸው የምጣድ ቂጥ ይመስል ጥላሸት ለብሷል፤ ነዳጁ በዝቶ አየሩ አንሶ ነበር ማለት ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ በቆላ እንደለመድሁት ቀዩን የነዳጅ መመጠኛ እስከ መጨረሻው ገፍቼው ነበር። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍ ያለ ሲሆን፣ በዚህ ከፍታ መደበኛው ሙቀት ወደ 3 ዲግሪ ስለሆነ፣ የዕለቱ 28 ዲግሪ አየሩን ስስ አድርጎ ሞተሩ 2,700 ሜትር ላይ እንዳለ ያህል እንዲያቃስት አድርጎታል። የአውሮፕላኗ መመሪያ ከ3,000 ጫማ (ከ900 ሜትር ገደማ) በላይ ካለ ሜዳ ከመነሣት በፊት ቆሞ ሙሉ ኃይል በመስጠት፣ የሞተሩ ዙር ከፍተኛው እስኪደርስ ነዳጁን መቀነስ እንደሚገባ ይናገራል፤ ለደረቅ ሣርም በመሬት ላይ ለሚደረገው መንደርደር 15 በመቶ ይጨምራል።

ካንዴላዎቹን አጽድተን መለስን፤ ድንኳኑንና ዕቃውን ግን በመኪና ላክሁ፣ ምንም እንኳ ጓደኞቼ ቢስቁብኝም። በነጋታው ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ፍሬን ይዤ መመጠኛውን በዝግታ ስስበው የዙር ቆጣሪው ቀስት ከፍ አለ፤ ልክ መውረድ ሲጀምር ጥቂት መልሼ ገፋሁት። ከሜዳው ሲሶ ሳያልፍ ጎማዎቹ ሣሩን ለቀቁ።