«ኤፒኩሪያን» የሚለውን ቃል ሲተረጉሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ኤፒኩሪያን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በፍልስፍና መጽሐፍም በምግብ ቤት ማስታወቂያም ይገኛል፤ ትርጉሙ ግን በሁለቱ ቦታ አንድ አይደለም፤ በመጀመሪያው የኤፊቆሮስ ፍልስፍና ተከታይ፣ በሁለተኛው የምግብ ጣዕም አዋቂ ማለት ነው። ከሁሉ የከፋው ስህተት በፍልስፍና ጽሑፍ ውስጥ ያገኙትን ቃል «ቅምጥል» ወይም «ድሎት ወዳድ» ብሎ ማለፍ ነው። ቃሉ የተገኘበት ኤፊቆሮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ341 ዓመት በሳሞስ ደሴት ተወልዶ፣ በአቴና ሴቶችና ባሮች ሳይቀሩ የሚማሩበትን «የአትክልት ስፍራ» የተባለ ትምህርት ቤት ያቋቋመ ፈላስፋ ነው። የሕይወት ግብ ደስታ ነው ማለቱ እውነት ቢሆንም፣ «ደስታ» ያለው፣ ሥጋ ከሕመም ነፍስም ከሁከት ማረፋቸውን እንጂ መጠጥና ድግስን እንዳልሆነ ለሜኖይኬዎስ በላከው ደብዳቤ በግልጽ ጽፏል። የፈላስፎችን ታሪክ የጻፈው ዲዮጋን ላኤርቲዮስ እንደሚተርከው፣ ለራሱ ዳቦና ውሃ ይበቃው ነበር፤ ለአንድ ወዳጁም፣ መደገስ ባሰኘኝ ጊዜ እንድደግስበት ጥቂት አይብ በዕቃ ላክልኝ ብሎታል። የቅምጥሎች አባት የተባለው ሰው ድግስ እንግዲህ ይኸው ነው።

«ነገ እንሞታለንና እንብላ እንጠጣ» የሚለውን ለእርሱ መስጠትም ስህተት ነው። ቃሉ በትንቢተ ኢሳይያስ 22፥13 የሚገኝ ሲሆን፣ ነቢዩ ከኤፊቆሮስ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ሐዋርያው ጳውሎስ ይህንኑ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15፥32 መጥቀሱና በአቴና ከኤፊቆሮስ ወገን ፈላስፎች ጋር መገናኘቱ (ሐዋ. 17፥18) ሁለቱን ሳያቀላቅል አልቀረም። የቅጽበት ደስታን ከሁሉ ያስቀደመው ፈላስፋ የቀሬናው አሪስጢጶስ ነው፤ ኤፊቆሮስ ግን ኋላ ሕመም የሚያስከትል ደስታ ይቅርብኝ ባይ ነበር።

በድምፅ ተታልሎ ስሙን ከ«ኤጲስ ቆጶስ» ጋር ማዛመድም አይገባም፤ ያኛው በግሪክኛ የበላይ ተመልካች፣ ይህኛው ረዳት ማለት ነው። በእስራኤል የሚኖሩ አንባቢዎች የሚሰሙት «አፒኮሮስ» ከዚሁ ስም የመጣ ቢሆንም፣ በአይሁድ ዘንድ መናፍቅን እንጂ ምግብ አዋቂን አያመለክትም።

እንግሊዝኛው የፍልስፍናውን ተከታይ በትልቅ ፊደል፣ ጣዕም አዋቂውን በትንሽ ፊደል ጀምሮ ይለያቸዋል። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው «ኤፒኩሪያን» ብሎ እንዳለ መገልበጥ ልዩነቱን ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ለመጀመሪያው «የኤፊቆሮስ ተከታይ»፣ ለሁለተኛው ደግሞ «ጣዕም አዋቂ» ቢባል ይሻላል፤ «ቅምጥል» ስድብ ስለሚመስል ለማስታወቂያ አይሆንም።