ጥቃት የደረሰበትን ተለማማጅ ሐኪም ስንረዳ የምንሠራቸው ስህተቶች

አስታማሚ ኢንተርኑን (ልምምድ ላይ ያለውን ጀማሪ ሐኪም) በጥፊ መታው። ወይም ታካሚው ሬዚደንቷን (ስፔሻሊስት ለመሆን የምትማረውን ሐኪም) «ቆይ፣ ስትወጪ አገኝሻለሁ» አላት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ8 እስከ 38 በመቶ የሚሆኑ የጤና ባለሙያዎች በሥራ ዘመናቸው አካላዊ ጥቃት ይደርስባቸዋል። ስድብና ዛቻው ከዚህ ውጭ ነው።

«ምን ብለኸው ነው?» ብሎ መጀመር። ሲኒየሩ (የበላይ ሐኪሙ) በክፋት ላይጠይቅ ይችላል። ተለማማጁ የሚሰማው ግን «ጥፋቱ ያንተ ነው» የሚል ነው። መጀመሪያ «ተጎዳህ ወይ?» ይባል። በግርግሩ መርፌ ከወጋው ወይም የሰው ደም ቁስሉን ከነካው ሌላው ወሬ ይቆይ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚያስፈልገው ከሆነ ቶሎ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።

«አይዞህ፣ የሥራው ጠባይ ነው» ብሎ ወደ ዲዩቲው (ወደ ተረኝነት ሥራው) መመለስ። እጁ እየተንቀጠቀጠ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ለታካሚም ያሰጋል። ተተኪ ተረኛ ሲኒየሩ ይፈልግ እንጂ ተጠቂው እየደወለ አይለምን።

«ከፈለግክ ንገረኝ» ብሎ መተው። ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ተለማማጁን የሚገመግመው ማነው? ያው ሲኒየር። ስለዚህ ደካማ እንዳይባል ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም ይላል። ደግሞ ከክፍል ክፍል ስለሚዘዋወር የዛሬ አለቃው ነገ አያገኘውም። ውጤት የማይሰጠው አንድ ሰው ይመደብለት። ያ ሰው በማግስቱ ይደውል፣ በሳምንቱ ይደውል፣ ከወር በኋላም ይደውል። እንቅልፍ ማጣትና መበርገግ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተለመደ ነው። ከወር በላይ ከቆየ፣ ወይም ከዚያ በፊትም ከጠናበት፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይየው። ተሳዳቢው ራሱ ሲኒየሩ ከሆነስ? ያን ጊዜ አቤቱታው በእሱ በኩል የማያልፍበት መንገድ ከወዲሁ መኖር አለበት።

አስቀምጦ ማናዘዝ። የሆነውን ሁሉ ወዲያው ቢዘረግፈው ይቀለዋል የሚሉ አሉ። ጥናቶች ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ እንዲህ ያለ ውይይት ከአደጋ በኋላ የሚመጣውን የአእምሮ ጭንቀት እንደማይከላከል አሳይተዋል፤ የባሰባቸውም አሉ። ማውራት የፈለገ ያውራ፣ ያልፈለገ አይገደድ።

ሪፖርቱን በተጠቂው ላይ መጣል። ቅጹን ሲኒየሩ አብሮት ይሙላ፣ ዛቻውም ይመዝገብ። ለፖሊስ ማመልከት ከፈለገ ብቻውን አይሂድ። ከዚያ ምን እንደተደረገ ይነገረው፦ ጥበቃ ተጨመረ? ያ አስታማሚ ተመልሶ እንዲገባ ተፈቀደለት?