በተካረረ ምርጫ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መራጮች በሐሳብ መለያየታቸው ዴሞክራሲን አያሳምምም፤ ባይለያዩ ኖሮ ምርጫም ባላስፈለገ። አደገኛው ነገር ተሸናፊው ወገን “ቆጠራውን ማጣራት አይቻልም” ብሎ ተስፋ ሲቆርጥ፣ አሸናፊው ደግሞ ጥያቄ ያነሳውን ሁሉ በጠላትነት ሲፈርጅ ይጀምራል። ወደዚያ የሚወስዱት ስህተቶች ደግሞ አብዛኞቹ በጊዜ ከታወቁ የሚታረሙ ናቸው።

የመጀመሪያውን ሌሊት ውጤት እንደ መጨረሻ መቁጠር

መራጭ የሚያንስበት ጣቢያ ቆጠራውን ቶሎ ይጨርሳል፤ ረጅም ሰልፍ የነበረበት ግን ሌሊቱን ሙሉ ሊቆጥር ይችላል። ሁለቱ አካባቢዎች የሚደግፉት ፓርቲ የተለያየ ከሆነ፣ አንዲት ድምፅ ሳትሰረቅ ማታ ሲመራ የነበረው ጠዋት ተመሪ ሆኖ ሊያድር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ ምርጫ በፔንሲልቬኒያ የሆነው ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በግዛቲቱ ሕግ መሠረት በፖስታ የመጡ ድምፆችን ከምርጫው ቀን ጠዋት በፊት ከፍቶ ለቆጠራ ማዘጋጀት አይፈቀድም ነበር፤ ስለዚህ ቆጠራቸው ዘገየ። በአካል ከመረጡት የሚበዙት የሪፐብሊካን፣ በፖስታ ከመረጡት የሚበዙት የዴሞክራት ደጋፊዎች ስለነበሩ ትራምፕ በመጀመሪያው ሌሊት በሰፊ ልዩነት መሩ፤ ቆጠራው ሲያልቅ ግን ባይደን በ80 ሺህ ገደማ ድምፅ አሸነፉ። የአሠራሩ ውጤት ቢሆንም ብዙዎች ግን እንደ ሌብነት አዩት። ስለዚህ ከፊል ውጤት ሲያዩ “ማን እየመራ ነው?” ከማለትዎ በፊት የስንት ጣቢያ ውጤት እንደገባና ያልገቡት የትኞቹ እንደሆኑ ይጠይቁ።

ፎቶ አይቶ “ኮሮጆ ተገለበጠ” ማለት

የጣቢያው ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ የማይታወቅ ቪዲዮ ማስረጃ አይሆንም። አስፈጻሚዎች ለቆጠራ ሳጥን ሲገለብጡም ምስሉ ያው ነው። ማጭበርበር በደንብ የሚታየው በውጤት ቅጹ ላይ ባለው ሒሳብ ነው። አንድ ጣቢያ 1,000 የድምፅ መስጫ ወረቀት ተረክቦ 812 ለመራጮች ሰጠ፣ 8 ተበላሸ እንበል፤ ያልተነካ 180 ወረቀት መገኘት አለበት። ከሳጥኑ የሚወጣው፣ ዋጋ ያለውና ዋጋ አልባው ተደምሮ፣ ከ812 መብለጥ የለበትም፤ በመዝገቡ ላይ የፈረሙት ሰዎች ቁጥርም ከዚያው ጋር መግጠም አለበት። 809 ቢወጣ ሦስት ሰዎች ወረቀቱን ሳይከቱ ይዘውት ሄደው ይሆናል፤ ያጋጥማል። 830 ቢወጣ ግን ትርፎቹ 18 ወረቀቶች ከየት እንደመጡ የጣቢያው ኃላፊ መልስ ሊሰጥበት ይገባል።

ለዚህ ነው የየጣቢያው ቅጽ ለሕዝብ መታየት ያለበት። እ.ኤ.አ. በ2022 የኬንያ ምርጫ ኮሚሽን ከ46 ሺህ የሚበልጡ ጣቢያዎችን የውጤት ቅጾች በኢንተርኔት ለቀቀ፤ የፈለገ ሁሉ መደመር ቻለ። ቅጾቹ ተቀይረዋል የሚል ክስ ሲቀርብም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋናዎቹን ከተለቀቁት ጋር አስመሳክሮ ክሱን ውድቅ አደረገ።

እያንዳንዱን ጉድለት ስርቆት ማለት

በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ደክሟቸው በሚቆጥሩበት ሌሊት ስህተት አይጠፋም። ለመለየት ሁለት ነገር ይመልከቱ፤ ጉድለቱ ሁሌ ወደ አንድ ወገን ብቻ ያጋድላል ወይ? መጠኑስ በተፎካካሪዎቹ መካከል ያለውን ልዩነት ይሸፍናል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት 5 ሚሊዮን ያህል ወረቀት በእጅ ስትቆጥር ሳይቆጠሩ የቀሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ድምፆች ተገኙ። የመሪው ብልጫ ጠበበ እንጂ አሸናፊው አልተለወጠም።

በተቃራኒው ደግሞ “ጥቃቅን ጉድለት ነው” ብሎ ማለፍም እኩል ጎጂ ነው። በማላዊ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ምርጫ የውጤት ቅጾች ላይ ቁጥሮች በነጭ ማጥፊያ ቀለም ተሰርዘው ተገኙ። ፍርድ ቤቱ ከወራት ምርመራ በኋላ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 ምርጫውን ሰረዘው፤ በሰኔ በተደረገው ድጋሚ ምርጫም ተቃዋሚው ላዛረስ ቻክዌራ አሸነፉ። ይህን ያስገኘው በቅጽ የተደገፈ ክርክር ነበር፤ በአደባባይ ሰልፍም ብዙ ሕዝብ ወጥቷል፣ ዳኞቹ የፈረዱት ግን ወረቀቱን አይተው ነው።

ሌላውን መራጭ በጯሂው መመዘን

በማኅበራዊ ሚዲያ ጎልቶ የሚሰማው ጽንፈኛው ነው፤ ድምፁን ሰጥቶ ዝም ብሎ ወደ ሥራው የሚሄደው አይታይም። “እንዴት እነሱን ትመርጣለህ?” የሚለው ጥያቄ በር ይዘጋል። “የትኛው ጉዳይ ነው ያስመረጠህ?” ቢሉት ብዙ ጊዜ መልሱ የኑሮ ውድነት፣ ሥራ ወይም ጸጥታ ነው።

ቅሬታን በአፍ ብቻ ማስቀረት

የተናደደ የፓርቲ ወኪል ቅጹን ሳይፈርም ጥሎ ከወጣ፣ ፋይሉ ውስጥ የሚቀረው የሌሎቹ ፊርማ ብቻ ነው። ቅር ያለውን በቃለ ጉባኤው ላይ ከሰዓቱና ከምስክሮቹ ስም ጋር ማስጻፍ፣ የማይፈርም ከሆነም ምክንያቱን ማስመዝገብ፣ ከዚያ ቅጂውን መቀበል ይኖርበታል። ቅጂ ከተከለከለ መከልከሉ ራሱ ይጻፍ። ጊዜውም አጭር ነው፤ በኬንያ የፕሬዚዳንት ምርጫን የሚቃወም ውጤቱ ከተገለጸ በኋላ ክሱን ለማቅረብ ያለው 7 ቀን ብቻ ሲሆን፣ ፍርድ ቤቱም በ14 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። በዚያ ሳምንት ከየጣቢያው ማስረጃ መሰብሰብ መጀመር ዘግይቷል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ወኪል ቅጂውን ለማን፣ በስንት ሰዓት እንደሚያደርስ ከምርጫው ቀን በፊት ይነገረው።