ውሻው በየት ገባ? የጓሮ ዶሮን ከጎረቤት ውሻ ለማዳን

ደሴ ጓሮ ያለው ሰው ሁለት ሦስት ዶሮ አያጣም። ውሻ ያለው ጎረቤትም አያጣም። ሌሊት ጅብ ሰፈር ድረስ ስለሚወርድ፣ ውሻ የሌለው ግቢ ልቡ አያርፍም። ስለዚህ ዶሮውም ውሻውም አብረውን ይኖራሉ። እኔ ባለፈው ክረምት በአንድ ጠዋት አምስት ዶሮ አጣሁ። ሦስቱ እንቁላል መጣል የጀመሩ ቄቦች ነበሩ። ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ነው የምጽፍላችሁ፤ ሌላ ሰው እንደኔ ላባ ሲለቅም እንዳይውል።

«ዶሮዬ ሞታ አገኘኋት፤ ማን እንደገደላት ግን አላየሁም»

ከመናደዳችሁ በፊት በድኗን አገላብጣችሁ እዩ። ውሻ ዶሮን የሚይዘው እያባረረ ስለሆነ ንክሻው ጀርባዋ፣ ጭኗና ጅራቷ አካባቢ ይሆናል። ላባው በግቢው ሁሉ ይበተናል። ብዙ ጊዜ ደግሞ አይበላትም። አንዷ መንቀሳቀስ ስታቆም ወደ ሌላዋ ይሄዳል። አራት አምስት ዶሮ ሳይበላ ተጋድሞ ካገኛችሁ ውሻ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ።

ሌሊት የሞተች፣ አንገቷ የተነከሰ ወይም ራሷ የጠፋ ከሆነ ግን ሸለምጥማጥን አስቡ። እሱ ቡጢ በምታስገባ ቀዳዳ ያልፋል። ጫጩት በቀን ያለ ምንም ዱካ ከጠፋ ጭልፊት ነው፤ ድመትም ሊሆን ይችላል።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። አንድ ጊዜ ሁለት ዶሮ ራሳቸው ተቆርጦ አገኘሁና በቀጥታ ጎረቤቴ ዘንድ ሄጄ ጮህኩ። ማታ በባትሪ ሳይ የዶሮው ቤት ጣሪያ ስር ቀዳዳ አለ፤ ጠርዙ ላይ ላባ ተጣብቋል። ውሻ እዚያ አይወጣም። በማግስቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። እንዲህ ሆኖ በኋላ ውሻው በእውነት ሲያጠፋ፣ ቅሬታዬን ማሰማት ከብዶኝ ነበር።

«አጥሬ ደህና ነው፤ ውሻው ግን ይገባል»

የብዙዎቻችን ችግር ይሄ ነው። ቆርቆሮው ከላይ ሲያዩት ደህና ነው። ስሩን ግን ማን ያያል? ደሴ ቁልቁለት ናት። ክረምት ላይ ጎርፉ ከጦሳ ተራራ በኩል ሲወርድ ከአጥር ስር ያለውን አፈር ጠርጎት ይሄዳል። በሰኔ ከመሬት ጋር የገጠመ ቆርቆሮ በመስከረም አንድ ስንዝር ተንጠልጥሎ ይገኛል።

እኔ ተንበርክኬ አጥሩን ዳር ለዳር ሄድኩበት። ከሽንት ቤቱ ጀርባ፣ ሳማ የሸፈነው ጥግ ላይ አገኘሁት። አፈሩ በጥፍር ተጭሮ ለስልሷል። የቆርቆሮው የታች ጠርዝ ተቀዶ ወደ ውጭ ታጥፏል። እዚያ ላይ ቡናማ ጸጉር ተሰክቷል፤ ስነካው ገና እርጥብ ነው።

ቀዳዳውን በአንድ ድንጋይ ደፍኖ መተው አይበቃም። ውሻ አጠገቡ ይቆፍራል። የሚሠራው ይሄ ነው፦ ጠንካራ የሽቦ መረብ ገዝታችሁ ከአጥሩ ግርጌ ጋር በሚስማር ወይም በማሰሪያ ሽቦ አያይዙት። የቀረውን 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሻው በሚመጣበት በኩል መሬት ላይ ዘርጉት። ከዚያ ድንጋይና አፈር ጫኑበት። ውሻ ሁልጊዜ የሚቆፍረው አጥሩ ስር ተጠግቶ ነው። መዳፉ ሽቦ ላይ ሲያርፍ ይተወዋል። ወደ ኋላ ርቆ መቆፈር አይመጣለትም። በዚያ በኩል የጎረቤት መሬት ከሆነና መዘርጋት ካልተቻለ፣ መረቡን ቀጥ አድርጋችሁ 30 ሴንቲ ሜትር ቅበሩት። ድንጋይ በደሴ አይቸግርም፤ ከግርጌው አንድ መስመር ካብ ብትጨምሩበት ደግሞ ጎርፉንም ይይዝላችኋል። በየክረምቱ መውጫ አጥሩን ተንበርክካችሁ ማየት አትርሱ።

«የዶሮ ሽቦ አድርጌ ነበር፤ ቀዶት ገባ»

ያ ስሱ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ሽቦ ዶሮን ከውስጥ ለመያዝ እንጂ ውሻን ከውጭ ለመከልከል አልተሠራም። ዝገት ከነካው በጥርስ ይበጠሳል። ከመሬት እስከ ወገብ ድረስ የተበየደ ወፍራም መረብ አድርጉ፤ ስሱን ከዚያ በላይ ተጠቀሙበት። የበሩን መዝጊያም እዩት። በገመድ የታሰረ በር ውሻ በአፍንጫው ገፍቶ ይከፍተዋል። ባለ መቀርቀሪያ ይሁን።

ኮምቦልቻ ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ውሻውን ፈርታችሁ ዶሮዎቹን ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ብትዘጉባቸው ሙቀቱ ይገድላቸዋል። ጎኑ መረብ የሆነ፣ ከላይ ጥላ ያለው ማዋያ ሥሩላቸው።

«ውሻው አልገባም፤ ዶሮዋ ናት የሄደችለት»

የሐበሻ ዶሮ ትበራለች። አጥር ላይ ወጥታ ወዲያ ማዶ ዘላ ትወርዳለች። በሰው ግቢ ለተያዘች ዶሮ ውሻውን መክሰስ ይከብዳል። መፍትሄው ቀላል ነው፦ የአንዱን ክንፍ ብቻ ረጃጅም ላባዎች በመቀስ ማሳጠር። ሚዛኗን ስለምታጣ መብረር ያቅታታል፤ አያማትም። ገና እያደገ ያለ፣ ስሩ ደም የያዘ ላባ ግን አትንኩ። ላባ ስትቀይር መልሶ ስለሚያድግ ደግማችሁ መቁረጥ ይኖርባችኋል።

«በአንድ ሰዓት ነው ሁልጊዜ የሚመጣው»

ይህ ከሆነ ጉዳዩ የአጥር ብቻ አይደለም። ውሻው ሌሊት ለጥበቃ ይፈታል፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ በር ሲከፈት ይወጣል፣ እናንተም በዚያው ሰዓት ዶሮ ትለቃላችሁ። ለጥቂት ቀን ሰዓቱን ጻፉት። ከዚያ ጎረቤትን አነጋግሩ፤ የሞተ ዶሮ አንጠልጥሎ መሄድ ግን ጥሩ አይደለም። እኔ ቡና ላይ ነው የነገርኳቸው።

«እትዬ፣ ውሻዎ ጠዋት ጠዋት እኔ ግቢ ይገባል። አምስት ዶሮ ጨረሰብኝ።»

«እኔን! ምነው ዝም አልክ ልጄ? እኔ እኮ በር ላይ የተኛ ይመስለኛል።»

ተስማማን። እሳቸው እስከ ሦስት ሰዓት ያስሩታል፤ እኔ ዶሮዎቹን ከዚያ በፊት አልለቅም። በኋላ የሁለቱን ዋጋ ከፈሉኝ። በግድ ተቀበልኩ።

እሺ የማይል ጎረቤትም አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል፤ አምልጦኝ ነው ማለት አያድነውም። የሞቱትን ፎቶ አንሱ፣ ምስክር ያዙ። መጀመሪያ ግን ሽማግሌ ላኩ። ወሎ ላይ ብዙ ነገር የሚያልቀው እዚያ ነው።

መርዝ ግን በፍጹም አታስቡ። መርዝ የነካው ሥጋ የማንን ውሻ፣ የማንን ልጅ እንደሚያገኝ አታውቁም።

ከዶሮ እርድ በኋላ አንጀትና ላባ ከአጥር ወዲያ የምትጥሉ ካላችሁም ተዉት። ውሻውን ወደ ግቢያችሁ የምትጠሩት እናንተ ናችሁ። ውሻ የገደላትን ዶሮ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ስለማይበላት፣ እስከ ጉልበት ድረስ ቆፍራችሁ ኖራ ወይም አመድ ነስንሳችሁ ቅበሯት።

«ተነክሳ ተርፋለች፤ ምን ላድርግ?»

መጀመሪያ ከሌሎቹ ለዩአት። ደም ካዩ እነሱው ጠቅጥቀው ይገድሏታል። ቁስሏን ፈልቶ በበረደ የጨው ውሃ እጠቡ፣ ላባውን ከቁስሉ ዙሪያ ቁረጡ፣ ጨለም ባለ ካርቶን ውስጥ አስቀምጧት። ስትይዟት ጓንት ወይም ፌስታል እጃችሁ ላይ አድርጉ፤ የውሻው ምራቅ አለባት።

ሰው ከተነከሰ ግን ዶሮውን እርሱት። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ጠበል ወይም ዱዓ የሚል ካለ ከክትባቱ ጋር ያድርገው፤ በክትባቱ ፈንታ ግን አይሁን። ውሻው በየዓመቱ መከተቡንም ጎረቤትን ጠይቁ።

የተረፉት ዶሮዎች ለጊዜው እንቁላል ሊያቆሙ ይችላሉ። ድንጋጤ ነው። የእኔዎቹ አስር ቀን ያህል ቆጥ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠው በቆሎ ስበትን እንኳ ለመውረድ ያመነቱ ነበር። ውሃና ጥሬ እዚያው አቀረብኩላቸው፣ ልጆቹን እንዳያባርሯቸው ከለከልኩ። አንድ ጠዋት ቀይዋ ብቻዋን ወርዳ ሳር ውስጥ መጫር ጀመረች። ሌሎቹ ተከተሏት።