ለመደብር ሠራተኞች የታብሌት መተግበሪያ ሲሠራ የሚደጋገሙ ስህተቶች

የመደብር ሠራተኛ ቆሞ ነው የሚሠራው። ታብሌቱን በግራ ክንዱ ደግፎ በቀኙ ካርቶን ይከፍታል፤ መሀል ላይ ደንበኛ መጥቶ ይጠይቀዋል። ወንበር ላይ ተቀምጠው የሠሩት ዲዛይን የሚከዳው እዚህ ነው።

ዋይፋይ ሁሌም አለ ብሎ መነሳት። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ሲግናል የሚደክመው ሥራ በሚበዛበት ቦታ ነው፦ መጋዘን ውስጥ፣ በብረት መደርደሪያዎች መካከል፣ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ። እዚያ መተግበሪያው «እባክዎ ይጠብቁ» እያለ ካስቆመው፣ ሠራተኛው ቁጥሩን ካርቶን ላይ ይጽፈዋል፤ ከዚያ ወዲያ ሲስተሙ የሚያሳየው ክምችት አይታመንም። የተመዘገበው ሁሉ መጀመሪያ ታብሌቱ ላይ ይቀመጥ፤ መስመር ሲመለስ ራሱ ይላክ።

ብዙዎች እዚህ ድረስ ይደርሱና ምን እንደሚላክ ይስታሉ። 14 ጥንድ ጫማ አለ እንበል። አንዱ ታብሌት 2 ሸጦ «12 ቀርቷል» ብሎ ይልካል። መስመር የተቋረጠበት ሌላው ደግሞ 1 ሸጦ «13 ቀርቷል» ይላል። ኋላ የደረሰው የፊተኛውን ይሽረዋል፤ ትክክለኛው 11 ግን የትም አልተመዘገበም። ስለዚህ የቀረውን ሳይሆን የወጣውን ላኩ፦ «2 ቀንስ»፣ «1 ቀንስ»። ታብሌቱ ለእያንዳንዱ ምዝገባ የማይደገም መለያ ይስጥ፤ መልስ ሳይደርሰው ቀርቶ ደግሞ ሲልክ ሰርቨሩ (ከታብሌቶቹ የሚላከውን የሚቀበለው ማዕከላዊ ኮምፒውተር) በመለያው ያውቀዋል። አለዚያ አንዱ ሽያጭ ሁለት ጊዜ ይቀነሳል። ከክምችቱ ቁጥር አጠገብ መቼ እንደታደሰም ይጻፍ፤ ሠራተኛው ለደንበኛ «አለ» የሚለው ያንን ተማምኖ ነው።

ስካነሩ (የባርኮድ ማንበቢያው) ምን እንደሚልክ አለማወቅ። አብዛኞቹ የብሉቱዝ ስካነሮች ታብሌቱ ዘንድ የሚታወቁት እንደ ኪቦርድ ነው፤ ያነበቡትን ቁጥር ይጽፉና ኢንተር ይጫናሉ። ጠቋሚው «ብዛት» ላይ እንዳለ ሠራተኛው ቀጣዩን ዕቃ ካነበበ፣ 13ቱ የባርኮድ አሃዞች ብዛት ሆነው ይገባሉ፤ ኢንተሩም ያጸድቃቸዋል። እሱ ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ስለሆነ አያየውም። የብዛት ሳጥን ከ4 አሃዝ በላይ አይቀበል። ስካነሩም ከቁጥሩ በፊት ልዩ ምልክት እንዲልክ አስተካክሉት፤ መተግበሪያው ያንን ምልክት ሲያይ በየትኛውም ገጽ ላይ ቢሆን ወደ ዕቃ ፍለጋ ይውሰደው። ሌላም አለ፦ ስካነር ሲገናኝ የስክሪኑ ኪቦርድ ብዙ ጊዜ ይጠፋል፤ ስለዚህ የራሳችሁን የቁጥር ሰሌዳ ሥሩ። በክብደት የሚሸጡ ዕቃዎች ባርኮድ ብዙውን ጊዜ በ2 ጀምሮ ዋጋውን ወይም ክብደቱን በውስጡ ይይዛል፤ ሙሉ ቁጥሩን እንዳለ ብትፈልጉት ዕቃው አይገኝም።

ትንንሽ ቁልፎች። አንድሮይድ 48 ዲፒ፣ አፕል 44 ፖይንት ይመክራሉ (ሁለቱም የስክሪን መለኪያዎች ናቸው)፤ ይህ ትንሹ ልክ ነው። ለሚራመድ ሰው አሳድጉት፤ «ሰርዝ»ንም ከ«አስቀምጥ» ጋር አታጎራብቱ።

በቀለም ብቻ መናገር። ቀይና አረንጓዴ የማይለዩ ሠራተኞች አሉ፤ «አልቋል» የሚለውን በቃል ጻፉት።

«እርግጠኛ ነዎት?» ማብዛት። ሰው ሲለምደው ሳያነብ ይጫነዋል። ይልቅ ሥራው ይፈጸምና ለጥቂት ሰከንዶች የተደረገውን የሚቀለብስ «መልስ» የሚል ቁልፍ ይታይ። ጥያቄው ገንዘብ እንደመመለስ ላለ፣ ከተፈጸመ ለማይመለስ ነገር ይቆየን።

በጋራ ታብሌት ላይ ረጅም ፓስወርድ መጠየቅ። ጠዋት አንዱ ይገባል፤ ሌሎቹ ቀኑን ሙሉ በእሱ ስም ይሠራሉ። የማን ስህተት እንደሆነ መለየት አይቻልም፤ ጥፋቱም ባልሠራው ሰው ላይ ይወድቃል። አጭር ፒን ወይም የመታወቂያ ባጅ ማስነበብ ይበቃል። ታብሌቱ ሳይነካ ሲቆይ ይቆለፍ፤ በጅምር የቀረው ቆጠራ ግን አይጥፋ፤ ባለቤቱ ተመልሶ ሲገባ ካቆመበት መስመር ይክፈትለት።